ማለስለሻውን ማን ቀሰቀሰው?

መሥሪያ ቤት «ግትሯ» ይሏታል፤ እሷም ስሙን ወዳዋለች። ፎቶ ቤቶች የሚገለገሉበትን ፕሮግራም ትሠራለች። በፕሮግራሙ ላይ ፕለጊን የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች ይሰካሉ፤ አንዱ ፊት ያለሰልሳል፣ ሌላው ምስል ያጎላል። ያልፈለጉትን ለማስቆም ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት «አጥፋ» ብሎ ስሙን መጻፍ ነው። በዚህች «አጥፋ» ነው እንግዲህ «አቋራጭ» ከሚሉት ባልደረባዋ ጋር ሲናነቁ የሰነበቱት።

«አጉሊው ያለ ማለስለሻው አይሠራም» ይላል አቋራጭ። «ሰውየው ማለስለሻውን ቢያጠፋም አጉሊው ዝም ብሎ ይቀስቅሰው። ሥራው ይለቅ እንጂ ማን ያውቃል?»

«ሰው አጥፋ ካለ ጠፋ ነው! ካልሆነለት ፕሮግራሙ ይቁምና ይናገር።»

«አቤት ግትርነት!»

ለጊዜው አሸናፊው እሱ ሆነ፤ ፕሮግራሙም በእሱ መንገድ ወጣ።

ዛሬ ጠዋት ፎቶ ቤት ያላት ታላቅ እህቷ ደወለች።

«አንቺ ልጅ፣ ጉድ ሠራሽኝ!»

«ምነው እታለም?»

«ልብስ ሰፊው አባባ የሟች ሚስታቸውን ፎቶ አምጥተው ነበር፤ አንድ ለእናቱ። ትልቅ አድርጊልኝ አሉኝ። ሴትየዋ ጉንጫቸው ላይ ማርያም የሳመቻቸው ምልክት አለ። እሱ እንዳይነካ ብዬ ማለስለሻውን በገዛ እጄ አጠፋሁት። አትሜ ባይ ጉንጩ ልሙጥ! ‹ይቺማ የኔ አይደለችም› ብለው ወጡ። በስንት ልመና ከሰዓት እንዲመለሱ አደረግኩ። አሁንም ይቺው ከሆነች በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?»

ግትሯ ደሟ ፈላ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ አቋራጭ ፊት አስቀመጠችው።

«እስቲ ለሱም ንገሪው፤ ማን ያውቃል ባይ ነው።»

እህቷ ከሀ እስከ ፐ ደገመችለት። አቋራጭ አንገቱን አከከ።

«አሁን ምን ይሻላል?»

«ወንበርህን ሳብ። ከምሳ በፊት እንጨርሰዋለን።»

ጨረሱትም። አንድም ፕለጊን ሰው ያጠፋውን እንዳይቀሰቅስ አደረጉት። ፕሮግራሙ ሲቆም ለሰው የሚወጣውን መልእክት የጻፈው ራሱ አቋራጭ ነው፤ እሷ አንዲት ቃል አልነካችበትም።

ግትሯ የታረመውን ፕሮግራም ይዛ ፎቶ ቤት ስትደርስ እህቷ ማለስለሻውን የሚያጠፋውን ትእዛዝ ጻፈች። ፕሮግራሙ ቀጥ አለ፤ «አጉሊው ያጠፉትን ማለስለሻ ይፈልጋል። እኔ ግን አልቀሰቅሰውም። አጉሊውንም ያጥፉ፣ ወይም ማለስለሻውን ይመልሱ» ይላል።

«ወይኔ፣ ተበላሸ!»

«አልተበላሸም፣ አናገረሽ እንጂ። ሁለቱንም አጥፊና በዋናው ፕሮግራም በራሱ ማጉያ አጉዪው። ትንሽ ይሻክራል፤ ፊታቸውን ግን ማንም አይነካውም።»

እህቷ እንደተባለችው ጻፈች። ማተሚያው እያጓራ ወረቀቱን ቀስ በቀስ አወጣው። ቀለሙ ገና ሳይደርቅ ልብስ ሰፊው ገቡ። አጠገባቸው ያለውን ወንበር ትተው ፎቶውን ቆመው አዩት። መነጽራቸውን ጠረጉና እንደገና አዩ።

«ሻከረ አይደል አባባ?» አለች እህቷ እየፈራች።

«የሻከረውስ ይሻክር።» በአውራ ጣታቸው ምልክቷን ሳይነኩ ጠቆሙ። «ማርያም አንዴ ነው የሳመቻት። እኔ ግን በየጠዋቱ፣ እዚችው ጋ።»