ግድግዳው አረንጓዴ ነበር

ልጇ በሕይወት ሳለ «ጭንቄ» ብሎ ይጠራት ነበር። ስሟ አይደለም፤ ግን ከስሟ የበለጠ ይገልጻታል። ሰማይ ሳይጠቁር ጎርፍ የሚታያት ሴት ናት። ልጅ ከሥራ ሲዘገይ ሌላ እናት ራት ታሞቃለች፤ እሷ ግን የአምቡላንስ ስልክ ቁጥር ታጠያይቃለች። በየጠዋቱም ሥራ ቦታው ይደርሳል ብላ በምትገምትበት ሰዓት ትደውልለታለች።

«ደረስክ?»

«ደረስኩ፣ ጭንቄ። መኪናም አልገጨኝ፣ መሬትም አልዋጠኝ።»

«እንዲህ ብለህ አትቀልድ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።»

የምትሠራው በአንድ ሆቴል ልብስ ንጽህና ክፍል ውስጥ ነው፤ ልብስ ትተኩሳለች። ልጇ የእናቱን ሥራ የጠየቀው ሰው ሲያገኝ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ተኳሽ ናት» ይልና ሰውየው ሲደነግጥ እያየ ይስቃል። እሱ ራሱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ስለዚህ እሷ ኤሌክትሪክ ፈራች፣ መሰላል ፈራች፣ መኪና ፈራች፣ የሳምባ ምች ፈራች። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ለእሷ ግን የደረሰው ያልፈራችው ነው። የገዛ ቤታቸውን ደረጃ ፈርታ አታውቅም ነበር።

ልጇ የሞተው እዚያው ደረጃ ላይ፣ ከበራቸው ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። አመሻሽ ላይ አንድ ሰው ተከትሎት ገብቶ በስልኩ ምክንያት በጩቤ ወጋው። ግርግሩን ሰምታ በሩን ስትከፍት የደረጃው መብራት በርቶ ነበር። ያ መብራት ሲጫኑት ይበራል፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ሰውየው ከልጇ ላይ ቀና ብሎ አያት። አየችው። ወዲያው መብራቱ ጠፋና የሚሮጥ እግር ብቻ ተሰማ።

ለቅሶ ደራሹ ከተበተነ በኋላ መምጣቱን ያልተወ አንድ ሰው ቢኖር የፖሊስ መርማሪው ነበር። ልጇን ቢበልጠው በጥቂት ዓመት ነው። መጀመሪያ ቃሏን ሊቀበል መጣ። ቀጥሎ የጎደለ ነገር ሊጠይቅ መጣ። ከዚያ ምንም ሳይጎድልም መምጣት ጀመረ። ከሥራ ሲወጣ ጎራ ብሎ ልጇ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ሻዩን በሦስት ማንኪያ ስኳር ይጠጣል፣ አለቃውን ያማል። በመጀመሪያ «እርስዎ» ይላት ነበር፤ ውሎ አድሮ ሰው እናቱን በሚጠራበት «አንቺ» ይጠራት ጀመር። ማታ ደግሞ ይደውላል።

«ገባሽ፣ እናቴ?»

«ገባሁ።»

«በሩን ቆለፍሽ?»

«ቆለፍኩ ልጄ። ስጋት ከእኔ ተጋባብህ እንዴ?»

ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ስትጨነቅ ኖራ የሚጨነቅላት ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነበር። ስልኩ የሚጠራበት ሰዓት ሲቃረብ ድምፁ እንዳይጠፋባት ራዲዮውን ትቀንሰዋለች።

አንድ ቀን ደረጃውን እየዘለለ መጣ። «ያዝነው፣ እናቴ» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። የልጇን ስልክ ይዞ ጥገና ቤት ሊያስከፍት የሄደ ሰው ተይዟል። ሰውየው «ገዝቼው ነው» ይላል። መርማሪው የራሱን ስልክ አውጥቶ ፎቶ አሳያት። ጣቢያ ውስጥ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ሰው። ፊቱ ጠበብ ያለ ነው፣ ጢሙን አልተላጨም።

«እሱ ነው?» አላት።

ፎቶው ደብዝዞ እስኪጠፋ አየችው። መልሶ አበራላት። ደግማ አየችው።

«እሱ ነው» አለች፤ አለቀሰችም። እሱም አብሯት ዓይኑን ጠረገ። ለቅሶ ደራሹ ከተበተነ ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ከሰው ጋር ያለቀሰችው ያን ዕለት ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ጣቢያ ተጠርታ፣ ቁመታቸውና መልካቸው የሚቀራረብ ሰዎች ተሰልፈው ቆመው፣ በመካከላቸው ያየሽው ሰው ካለ ለዪ ተባለች። አላቅማማችም። ጣቷን በቀጥታ ቀሰረች። መርማሪው ወደ ቤት ሲሸኛት «አንበሳ ነሽ» አላት፤ እሷም ልጇ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሱ አንድ ነገር እንዳደረገችለት ተሰማት።

ለምስክርነት ቀኑ ሲቃረብ ዐቃቤ ሕጓ ቢሮዋ አስጠራቻት። ቶሎ ቶሎ የምትናገር፣ ሰውን ግን የማታንጓጥጥ ሴት ናት። የሚጠየቁትን እያነበበች ታለማምዳት ጀመር።

«ከዚያ ምሽት ወዲህ ተከሳሹን ሰልፉ ላይ ከመለየትዎ በፊት የትም አይተውት አያውቁም» አለችና መልሱን ሳትጠብቅ ወደሚቀጥለው አለፈች።

«ይሄን ደግሞ ለምን ይጠይቃሉ?» አለች ጭንቄ።

«አስቀድሞ ያሳየዎት ሰው ካለ የሚለዩት ደረጃው ላይ ያዩትን ሳይሆን ያሳዩዎትን ሊሆን ይችላል። እርስዎ ግን ሳያውቁት ነው። ሕጉ ይሄን የሚከለክለው ለተከሳሹ ጥበቃ ነው።»

«ለእሱ?»

«ለእሱ።»

«ጠበቃ መንግሥት ሰጠው። አሁን ደግሞ ጥበቃ። የእኔ ልጅ እዚያ ደረጃ ላይ ሲወጋ ማን ቆመለት?»

ዐቃቤ ሕጓ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እኔ ቆሜለታለሁ፣ እናቴ። ግን ሰውየው እሱ ካልሆነ ለልጅዎ የቆምኩ አይደለም። የሌላ እናት ልጅ ላይ ነው የቆምኩት።»

ጭንቄ የአረንጓዴውን ግድግዳ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች። የመርማሪው ሳቅ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳሩ፣ የማታው «ገባሽ?» መጣባትና ዘጋችው።

በማግስቱ ሥራ ላይ ሳለች የአንድ እንግዳ ሱሪ ላይ መስመሩን ስታ ሌላ መስመር አወጣችበት። አጠገቧ የምትተኩሰው ባልደረባዋ፣ ሁልጊዜ ሎተሪ ስለምትቆርጥ «ዕጣዬ» የሚሏት፣ አንገቷን አስግጋ አየች።

«አንቺ፣ የባቡር ሐዲድ ሠራሽለት እኮ።»

«እስኪ የድሮው የትኛው እንደሆነ እይልኝ።»

ዕጣዬ ሱሪውን ወደ መስኮቱ አንስታ አገላበጠችው። «አንዴ ካውያ ካረፈበት በኋላ እኔ ቀርቶ ሰፊው ራሱ አይለየውም። አንዱን ምረጪና በእንፋሎት ድፍጥጥ አድርጊው። ማን ያውቅብሻል?»

ጭንቄ ካውያውን አቁማ ሱሪውን አየችው፤ እንፋሎቱ ፊቷን እያላበው ብዙ ቆየች።

ያን ቀን ማታ መርማሪው ሲመጣ ሻዩን ከማቅረቧ በፊት ጠየቀችው። «ያን ፎቶ ማሳየትህ አይፈቀድም ነበር አይደል?»

ፊቱ ተለወጠ። «ማን ነገረሽ?»

«የሕጓ ሴትዮ።»

ወንበሩ ላይ ወደፊት ጎንበስ ብሎ እጆቹን አጣመረ። «ስታለቅሺ ስለማይ አላስችል ብሎኝ ነው፣ እናቴ። ተያዘ ብዬ ባዶ እጄን መምጣት አቃተኝ። ለክፋት አይደለም።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ሰውየው እሱ ነው። ስልኩ እጁ ላይ ተገኝቷል። ግን ገዛሁ ካለ ክሱ ያለ አንቺ ቃል አይቆምም። ይሄ በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር። ሆድ ይፍጀው።»

«ደረጃው ላይ ያየሁት እሱ ነው?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ያየሽው?» አለ። ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

እሱ ከወጣ በኋላ በሩን ከፍታ ያን ዕለት የቆመችበት ቦታ ላይ ቆመች። ማብሪያውን ተጫነች። ቁልቁል አየች። ሰውየው ቀና ሲል፣ ፊቱ ወደ እሷ ሲዞር፣ አንድ በአንድ ልታስታውስ ሞከረች። መጣላት። ጠበብ ያለ ፊት፣ ያልተላጨ ጢም፣ ከኋላውም አረንጓዴ ግድግዳ።

መብራቱ ጠፋ። እንደገና አበራችው። የደረጃው ግድግዳ ሲሚንቶ ነው፤ ሕንፃው ከተሠራ ጀምሮ ቀለም ነክቶት አያውቅም። ዓይኗን ጨፍና ሰውየውን ከአረንጓዴው ልታላቅቀው ታገለች። ሰውየው ሲመጣ አረንጓዴው አብሮ ይመጣል፤ አረንጓዴውን ስታባርር ፊት የሌለው ጥላ ይቀራል። የፎቶውን ነገር ከተናገረች ልጇን የገደለው ሰው እየተንጎራደደ ሊሄድ ነው፤ ምናልባት በዚሁ ደረጃ ሊወጣ። ካልተናገረች ደግሞ አንዲት የማታውቃት ሴት ስልክ እየጠበቀች ልታረጅ ነው። ክፉ ነገር አስቀድሞ በማየት የሚስተካከላት አልነበረም፤ ያን ሌሊት ግን ሁለት ክፉ ባንዴ እያየች አደረች።

ችሎቱ ጠባብ ነው፤ አግዳሚዎቹ ሲነኩ ይንጫጫሉ። መርማሪው ኋላ ተቀምጧል። ተከሳሹ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል። ተከላካይ ጠበቃው ጎልማሳ ነው፤ ብዙ ጉዳይ ተሸክሞ የሚሮጥ ይመስላል፤ ሱሪው ላይ ሁለት መስመር አለ። ጭንቄ አየችውና ያለ ቦታው ሳቋ ሊያመልጣት ነበር።

ዐቃቤ ሕጓ ስለዚያ ምሽት ጠየቀቻት፤ ድምፅዋ ሳይሰበር ተናገረች። ከዚያ ጠበቃው ተነሳ።

«ከዚያ ምሽት ወዲህ ተከሳሹን ሰልፉ ላይ ከመለየትዎ በፊት አይተውት ያውቃሉ?»

ወደ ኋላ ዞራ መርማሪውን አየችው። እሱ አላያትም።

«በስልክ ፎቶ አይቼዋለሁ» አለች።

ጠበቃው ራሱ ይህን አልጠበቀም፤ ወረቀቱን ዘቅዝቆ ያዘ። «ማን አሳየዎት?»

«መርማሪው። ለክፋት አይደለም። ሐዘኔን ሊያበርድልኝ ብሎ ነው።»

ዳኛው መነጽሩን አወለቀ። «እናቴ፣ ይረጋጉ። ያን ዕለት ደረጃው ላይ ያዩት ሰው ይህ ነው ብለው ዛሬ እርግጠኛ ሆነው መናገር ይችላሉ?»

«ሳስታውሰው ከኋላው አረንጓዴ ግድግዳ አለ፣ ክቡር ዳኛ። አረንጓዴው ፎቶው ላይ ያለው ነው። የእኛ ደረጃ ግድግዳ ሲሚንቶ ነው። እሱ አይደለም አላልኩም። እሱም ሊሆን ይችላል። ግን ያየሁትና ያሳዩኝ ተደርበውብኛል። መለየት አልቻልኩም።»

ዐቃቤ ሕጓ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ተከሳሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ጭንቄ ፊቱን ፈተሸችው፤ ምስጋና፣ ሹፈት፣ ጸጸት፣ ምንም ይሁን ብቻ አንድ ነገር ፈለገች። ያልተላጨ ፊት ብቻ ነበር።

ከጥቂት ቀጠሮ በኋላ ሰውየው በቂ ማስረጃ አልቀረበበትም ተብሎ ተለቀቀ። ዐቃቤ ሕጓ «መዝገቡ አልተዘጋም፤ ሌላ ማስረጃ ከተገኘ እንመለስበታለን» አለቻት። ዕጣዬ ደግሞ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብላ አጽናናቻት። የጭንቄ እውነት ግን እያደር የሚጠራ ሳይሆን እያደር የሚደፈርስ ዓይነት ነበር።

መርማሪውን ያገኘችው ውሳኔው የተነገረ ዕለት፣ መተላለፊያው ላይ ነው። ከምርመራ ሥራ አንስተው መዝገብ ቤት እንዳስቀመጡት ሰምታለች። ልጄ ልትለው ነበር።

«በሰላም ይግቡ» አላትና አለፈ።

ቤቷ ገብታ ሁለት ብርጭቆ አቀረበች፤ አንዱን መለሰችው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ራዲዮውን ቀነሰች። የሚጠራበት ሰዓት ደረሰ፤ አለፈም። ልጇ በሕይወት ቢኖር ኖሮ በእንዲህ ያለ ቀን ምን ይላት እንደነበር አሰበች። «ጭንቄ፣ ደግ አደረግሽ» ይላት ይሆን፣ ወይስ «እኔስ?» ይላት ይሆን? የሁለቱንም ድምፅ በእሱ አፍ ሰማችው፤ የትኛው የእሱ እንደሆነ ግን አላወቀችም።

ከታች እግር ተሰማ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በደረጃው የሚያልፈውን ሁሉ በሩን ሁለቴ ቆልፋ ነው የምታሳልፈው። አሁን ግን ተነስታ በሩን ከፈተችው። ማብሪያውን ተጫነች። ላይኛው ፎቅ የሚኖረው ጎረቤት ነው፤ ሽንኩርት የሞላ ከረጢት ይዞ ይወጣል። ስታፈጥበት ቆመ።

«ምነው እናቴ፣ ችግር አለ?»

ግንባሩን፣ ዓይኑን፣ አገጩን፣ ከኋላው ያለውን ሲሚንቶ አየች።

«የለም» አለች። «ደረስክ?»

ሰውየው ግራ ተጋባ። «እ... ደረስኩ። ይኸው፣ አንድ ፎቅ ነው የቀረኝ።»

«ጎሽ።»

መብራቱ ጠፋ። እሱ በጨለማው እየዳበሰ ወጣ፤ እሷም የላይኛው በር ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ እዚያው ቆማ አዳመጠች።