ቤቱ በቂ ምግብ አለው

በግንቦት የመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ምዕመኑ ጫማውን አጥልቆ ወደ ማታቱ፣ ወደ ናይሮቢ ሚኒባስ፣ ሊበተን ሲል፣ የበጎ እጅ መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር ድምፅ ማጉያ ይዘው ሁሉም ባለበት እንዲቆም አዘዙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያም ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ ከመከረበትና በአብላጫ ድምፅ ካጸደቀው በኋላ፣ ከእንግዲህ በእግሩ እንደሚሄድ አበሠሩ።

ሰዉ አጨበጨበ። ኮሚቴ በእግሩ ሲሄድ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የወር ዱቄት፣ ባቄላና ዘይት የሚፈልግ ችግረኛ ዌስትላንድስ ድረስ ሄዶ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተሰልፎ፣ ቅጽ ሞልቶ፣ በሌላ ቀን ተመልሶ "ፊርማው አልደረሰም" መባል ነበረበት። ችግረኛው ከሚኖርበት ከካሳራኒ ሁለት ማታቱ ነው። ለሁለት ማታቱ የሚከፍል ሰው ችግረኛ አይደለም፤ የማይከፍል ደግሞ አይደርስም። በዚህ ምክንያት ማኅበሩ ሁለት ዓመት ሙሉ ችግረኛ አጥቶ ቆየ። አሁን ግን "ተደራሽነት" የሚባል ቃል ከአንድ ወርክሾፕ መጣና፣ ችግረኛው ወደ ኮሚቴው ከሚመጣ ኮሚቴው ችግረኛው ቤት ሄዶ እንዲያጠና ተወሰነ።

ደስ ካላቸው አንዷ አያልነሽ ነበረች። በናይሮቢ አጠራር ማማ ፉዋ ናት፤ ከፎቅ ፎቅ እየዞረች የሰው ልብስ ታጥባለች። ባሏ ጁባ መኪና ሊነዳ ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው። ስልኩ በመጀመሪያ ይጠራ ነበር፣ ቀጥሎ ዝም አለ፣ አሁን ሌላ ሰው ያነሳውና በዐረብኛ ይቆጣል። ሦስት ልጆች አሏት። ዝናብ ሲበዛ ልብስ አይደርቅም፣ ልብስ ካልደረቀ ሥራ የለም፤ ያ ግንቦት ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ዝናብ ነበር።

ኮሚቴው በቀጠረው ቅዳሜ በእግሩ መጣ። በእግሩ ማለት ከወይዘሮ ስምረት መኪና ወርዶ አራት ፎቅ ደረጃ ወጣ ማለት ነው። አጥኚዎቹ ሁለት ናቸው። ወይዘሮ ስምረት የሀብታሞቹ ሰፈር የሩንዳ ሰው ናት፤ ባሏ ዓለም አቀፍ ድርጅት ይሠራል፣ ቅጹን የምትሞላውም እሷ ናት፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ። ሁለተኛው አቶ ሐብተማርያም ናቸው፤ የድሮ የአሥመራ ሰው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ አማርኛን እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ ሳይጨማደድ የሚናገሩ። ከረባታቸው አይወልቅም። ካናዳ ያለ ልጃቸው ይጦራቸዋል ይባላል፤ ማኅበሩም የመረጣቸው ለዚህ ነው፣ ያልተቸገረ ሰው አያዳላም ተብሎ።

እንግዲህ አስቡት። ሁለት የተከበሩ ሰዎች ቤትሽ ድረስ መጥተው ሶፋሽ ላይ ተቀምጠዋል። የመጡት ድህነትሽን ሊያዩ ነው። ምን ታቀርቢያለሽ? ፈረንጅ ብትሆኚ ድህነቱን ታቀርቢ ነበር። አያልነሽ ግን የጨዋ ልጅ ናት። ከጎረቤቷ ከሚልካ ዶሮ፣ ከላይኛው ፎቅ ቅቤ፣ ከወዳጇ ከትንሳኤ ቤት ባለ አበባ ሰሃን ለምና፣ ከማለዳ ጀምራ ስታቁላላ አረፈደች። "በሞቴ" እያለች አጎረሰቻቸው። ወይዘሮ ስምረት "ኧረ በቃኝ፣ ዳይት ላይ ነኝ" እያለች ሁለት ዕንቁላል በላች። አቶ ሐብተማርያም ሰሃኑን አጽድተው "ቤትሽን ይሙላው" ብለው መረቁና ፈረሙ። ልጆቹ በር ላይ ቆመው አጥንት ሲከመር ያዩ ነበር።

በሳምንቱ፣ ጣሪያ ላይ የሰው አንሶላ ስትሰበስብ፣ ስልኳ ላይ መልእክት ገባ። "ወ/ሮ አያልነሽ። አልተካተቱም። ምክንያት፦ ቤቱ በቂ ምግብ አለው።"

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ አንሶላውን በሁለት እጇ ይዛ ጨመቀችው። አንሶላው የደረቀ ነበር።

"የኔን ዶሮ በልተው?" አለች ሚልካ ስትሰማ። ሚልካ እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ስትናደድ ሦስት ቋንቋ አንድ ላይ ይወጣታል። "የኔን ዶሮ በልተው አንቺን ሪጀክት? ሃዋ ዋቱ ኒ ዋዚሙ! እብዶች ናቸው!"

"እብድስ አይደሉም" አለች አያልነሽ። "ጠግበው ነው።"

አያልነሽ ቂም ስትይዝ አትጮህም። ታጥባለች። በዚያ ሳምንት በእጇ የገባ ልብስ ሁሉ የወይዘሮ ስምረት አንገት ነበር፤ አሽታ አሽታ ጠመዘዘችው። ደንበኞቿ ልብሳቸው እንዲህ ነጥቶ አያውቅም ብለው አመሰገኑ። እሑድ ዕለት ግን ቤተ ክርስቲያን አልገባችም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚሉት፣ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ቅዳሴ እስኪያልቅ ጠበቀችና የሚወጡትን ሴቶች አንድ በአንድ ያዘች።

ስምንት ቤት ተጠንቶ ሰባቱ ተሰርዟል። ትንሳኤ ጥብስ አብልታ ነበር፤ ምክንያት፦ "ሥጋ ይመገባሉ።" ትዕግስት ለልጇ ሳል ያስቀመጠችውን ማር አቅርባ ነበር፤ ምክንያት፦ "ማር።" ሌሎቹም እንደዚያው። የተካተተው ፍራኦል የሚባል ወንደላጤ ብቻ ሲሆን፣ እሱ በቀጠሮው ቀን ቤት አልነበረም። አጥኚዎቹ በመስኮት አጮልቀው "ቤቱ ባዶ ነው" ብለው ጻፉ። ፍራኦል ምግብ አብስሎ አያውቅም፤ ዱቄቱን ምን እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ሰው ያማክር ነበር።

"ደንቡ ቅሬታ ያለው እንደገና ይጠናል ይላል" አለች አያልነሽ። "ሰባታችንም እናስገባ። ላንድ ቅዳሜ። በሰባቱም ቤት ምንም እንዳይቀርብ። ምንም።"

"ውሃስ?" አለች ትንሳኤ።

"ውሃም።"

"ኧረ ነውር ነው! እንግዳ በደረቅ ጉሮሮው ይሂድ? እግዜርስ ምን ይላል?"

"እግዜር ቅጽ አይሞላም። ማን እንደሚሞላው አይተሻል።"

"እሷስ ይሁን። ሽማግሌውስ? ጋሽ ሐብተማርያም ምን አደረጉን?"

"ፈረሙ። በልተው፣ መርቀው፣ ፈረሙ። ልጃቸው ካናዳ አለ አይደል? እሱ ያብላቸው።"

ትዕግስት ሳቀች። ትንሳኤ አማተበች። ቢሆንም ሁለቱም ቅሬታቸውን አስገቡ።

ቅዳሜው ደረሰ። የአያልነሽ ቤት የመጨረሻው ሰባተኛ ነበር፤ እንዲያ እንዲሆን ለምና ነው ያስደረገችው። ከጠዋት ሦስት ሰዓት ጀምሮ በስልኳ የድል ዜና ይገባ ነበር። "ከኔ ወጡ። ወንበር ብቻ ሰጠሁ።" "ከኔም ወጡ። ወይዘሮዋ ከቦርሳዋ ውሃ አውጥታ ጠጣች። ለሽማግሌው ብትሰጣቸው አልጠማኝም አሉ።" በስድስት ሰዓት ትንሳኤ ጻፈች፦ "ወጡ። እናቴ ብታየኝ ትረግመኝ ነበር።" አያልነሽ "በርቺ" ብላ መለሰችላት። የባሏ ስልክ ዝም ካለ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥሩ ቀን ውላ አታውቅም።

አጥኚዎቹ ከመድረሳቸው በፊት የራሷን ድስት ሚልካ ቤት ወሰደችው። ያለው ምስር ነው፣ ለልጆቹ ራት። የወሰደችው እንዳይታይባት ብቻ አልነበረም።

"ሲመጡ በርሽን ክፈቺ" አለቻት ሚልካን። "ነጭ ሽንኩርቱን ያን ጊዜ ጨምሪ።"

"ማራገቢያም ልያዝ?"

"ያዢ።"

አሥር ሰዓት ላይ መጡ። ወይዘሮ ስምረት አራቱን ፎቅ ስትወጣ ፊቷ ቀልቷል። አቶ ሐብተማርያም ግድግዳ እየተደገፉ ነው የወጡት፤ ከረባታቸው እንደታሰረ ነው። አያልነሽ እስከ ወገቧ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች፣ ሶፋው ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ከዚያም ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

ዝም ተባለ። ይኼ ዝምታ የታወቀ ነው፤ በደጉ ቀን ባለቤቷ ተነስታ ወደ ጓዳ የምትገባበት ዝምታ ነው። አያልነሽ አልተነሳችም። በግድግዳው በኩል ነጭ ሽንኩርቱ ዘይት ውስጥ ሲገባ ተሰማ፣ ቀጥሎ ሽታው በበሩ ስር ገብቶ ሶፋው ድረስ መጣ።

ወይዘሮ ስምረት ቅጹን ገለጠች። "ዛሬ ቤተሰቡ ምን ተመገበ?"

"ምንም።"

"ትናንትስ?"

"እትዬ፣ ትናንት ሩቅ ነው። ባለፈው የመጣችሁ ለት የናንተን ትራፊ ልንበላ አስበን ነበር። አላስተረፋችሁም።"

ወይዘሮ ስምረት መነጽሯን አወለቀች። "እኔ በዓይኔ ዶሮ አይቻለሁ፣ አያልነሽ።"

"አይተዋል። ዶሮው የሚልካ ነው፣ ቅቤው የላይኛው ፎቅ፣ ሰሃኑ የትንሳኤ። የኔ ክብሪቱ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?"

"እርስዎ ቤት እንግዳ ሲመጣ 'ለምኜ ነው ያበላሁህ' ይሉታል?"

ወይዘሮ ስምረት ሩንዳ ትኑር እንጂ እሷም እንግዳ በሚከበርበት ቤት ያደገች ናት። "እኔስ" አለች፣ ድምጿ ቀጥኖ፣ "ምን ማድረግ ነበረብኝ? አልበላም ብል ትቀየሚኝ አልነበረም?"

"እቀየም ነበር።"

"እና?"

"እና ቅያሜ አይበላም፣ እትዬ። ዱቄት ነው የሚበላው። ብቀየምዎ ኖሮ እስካሁን ረስቼው ነበር።"

አያልነሽ ይህን ለመናገር ሦስት ሳምንት አጥባለች። ቃሉ ሲወጣ ደረቷ ቀለላት። ወይዘሮዋ አንገቷን ደፍታ ቅጹ ላይ ስትቁነጠነጥ ማየት ከዶሮም ይጣፍጥ ነበር፤ ገና እንዳይበቃ ተመኘች። ከጎረቤት የማራገቢያው ድምፅ ሽው ሽው ይላል። ሚልካ ሥራዋን ታውቃለች።

ያን ጊዜ አቶ ሐብተማርያም ድንገት ተነሱ። ሶፋውን ይዘው ትንሽ ቆሙ።

"ይቅርታ አድርጉልኝ" አሉ፣ እንደ ወትሮው አስተካክለው። "ስልክ ነው። ልጄ ነው፣ ከካናዳ።"

ስልኩ አልጮኸም ነበር።

"በንዝረት ነው" አሉና ወጡ።

ሁለቱ ሴቶች ጠበቁ። ወይዘሮ ስምረት "ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውላል ማለት ነው፣ ጥሩ ልጅ ነው" አለች፣ የሚባል ነገር ስታጣ። አምስት ደቂቃ ሄደ፣ አሥር ሄደ። የማራገቢያው ድምፅ ቆሟል። ከኮሪደሩ የሰው ድምፅ አይሰማም፤ ስልክ የሚያወራ ሰው ደግሞ፣ ያውም ከካናዳ፣ ይጮሃል።

"ወድቀው እንዳይሆን" አለች ወይዘሮ ስምረት። ሁለቱም ተያይዘው ወጡ።

የሚልካ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አቶ ሐብተማርያም ከምድጃው አጠገብ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይበላሉ። ኮታቸውን አውልቀው አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል፤ ከረባታቸውን ሰሃን እንዳይነካ ትከሻቸው ላይ ጥለውታል። አይቸኩሉም፣ ግን አያቆሙም። ሚልካ ጭልፋ ይዛ አናታቸው ላይ ቆማለች፣ ፊቷ ተደናግጦ።

"እኔ ምን ላድርግ?" አለች በሹክሹክታ። "መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ምንም አላሉም። ድስቱን እያዩ ቆሙ። ሳሳ፣ አሁን ምን ላድርግ?"

ወይዘሮ ስምረት ድስቱን አየች፣ ከዚያ አያልነሽን። "ይሄ ድስት የማነው?"

"የኔ ነው" አለች አያልነሽ። "የልጆቹ ራት ነው።"

አንድ ልጅ ከታችኛው ፎቅ ኳስ ይመታ ነበር። ወይዘሮ ስምረት ቅጹን ደረቷ ላይ ይዛ ሁለት እርምጃ ተጠጋች፣ ጎንበስም አለች።

"ጋሼ" አለች፣ ለሕመምተኛ እንደሚባለው ቀስ ብላ፣ "ልጅዎ ደህና ነው?"

አቶ ሐብተማርያም ቀና አላሉም። ሰሃኑን በእንጀራው ጫፍ ዞር አድርገው ጠረጉ፣ ጎረሱ፣ እስኪውጡም ድረስ ሁሉም ጠበቃቸው። ከዚያ ማንም "ይጨመርልዎ" ሳይላቸው፣ ማንም በሞቴ ሳይል፣ ሰሃኑን በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ዘረጉት።

"ጨምሪልኝ" አሉ።

ሚልካ ወደ አያልነሽ ዞረች። አያልነሽ ጭልፋውን ከእጇ ተቀበለቻትና ጎንበስ ብላ የድስቱን ቂጥ ፋቀች፤ አሉሚኒየሙ ሲፋቅ ድምፁ እስከ ደረጃው ድረስ ወረደ።