አንሡኝ

አባቴ በእግሩ መሄድ ያቆመው ባለፈው ዓመት፣ በሰባተኛው የፎቶ አንሺዎች መሰባሰቢያ ቀን፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ ላይ ነው። ደቂቃውን ያወቅሁት ሰዓት አይቼ አይደለም። ዘጠኝ ካሜራዎች መዝግበውታል።

መሰባሰቢያውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ፎቶ ማንሣት የሚወዱ፣ መተዳደሪያቸው ግን ሌላ የሆነ ሰዎች ከአምስት ከተሞች በዓመት አንድ ቀን ይገናኛሉ፤ አንድ ጥርስ ሐኪም፣ አንዲት ፋርማሲስት፣ መምህራን፣ ጡረተኞች። ዝርዝሬ ውስጥ ስድሳ ሦስት ስሞች አሉ፤ አርባ ከመጡ ተሳካ እላለሁ። ሚኒባስ መከራየት፣ ለባለሕንፃ ደብዳቤ መጻፍ፣ ፀሐይ በስንት ሰዓት የትኛው ግድግዳ ላይ እንደምታርፍ አስቀድሞ ሄዶ ማየት፣ «እመጣለሁ» ያለውን «እሞክራለሁ» ካለው መለየት፤ ሥራው ይኸው ነው። የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። በመተዳደሪያ ሥራዬ የሙዚየም መዝገብ ሠራተኛ ነኝ፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥርና አጭር መግለጫ እሰጣለሁ። ሰውንም በዝርዝር መያዝ አይቸግረኝም።

አባቴ ካሜራ ይዞ አያውቅም። እናቴ ካረፈች በኋላ ቤት ብቻውን እንዳይውል ብዬ በሁለተኛው ዓመት ይዤው ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ እኔ ሳልነግረው ቀኑን ቆጥሮ የሚጠብቅ ሆነ። አርባ ዓመት ልብስ ሰፊ ነበር፤ ኮት መልበስ ያውቅበታል። ከአንድ በር ወይም ከአንድ ግድግዳ ፊት ይቆምና አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «በሉ እንግዲህ፣ አንሡኝ!» ይላል። ሁሉም ይስቃል፤ ሁሉም ያነሣዋል። «ጋሼ ሞዴል» የሚል ስም አወጡለት። አንድ ጊዜ ጥርስ ሐኪሙ፣ «ጋሼ፣ ብርሃኑ በጀርባዎ ነው፣ ዞር ይበሉ» ቢለው፣ «የኔ ልጅ፣ በኔ ዕድሜ ብርሃን በየትም በኩል ቢመጣ እንግዳ ነው፤ ዝም ብለህ ተቀበል» አለው። በዓመቱ ውስጥ ከቤት የሚያወጣው ሌላ ቀጠሮ አልነበረውም።

ለሰባተኛው ዓመት አምስት ደንቦች ጻፍኩ። አባላቱ ለአንድ ፎቶ ሲሉ የሰው ወንበር ሲያዞሩ፣ ያለፈ መንገደኛ ተመልሶ እንዲያልፍ ሲለምኑ አይቼ አፍሬ ነበር። ስለዚህ አራተኛው ደንብ እንዲህ ይላል፦ «ያጋጠማችሁን አታስተካክሉ፤ አትንኩ፤ እንዳለ አንሡት።» ቃላቱን አንድ ሳምንት ሙሉ ስመዝን ሰንብቻለሁ። «አንሡት» የሚለው ላይ ግን አልቆምኩም።

ቦታው አገልግሎት ያቆመ የባቡር ጣቢያ ነበር። ከትልቁ በር እስከ አደባባዩ የሚወርድ ሰፊ የድንጋይ ደረጃ አለው። ሌሊቱን የጣለው ካፊያ ድንጋዩን አርሶት ነበር፤ ለፎቶ ደስ የሚል ነጸብራቅ ሰጥቶናል። ብዙዎቹ አባላት ወደ ሐዲዱ ዘልቀው ስለነበር፣ ከደረጃው ሥር የቆምነው ዘጠኝ ነን። አባቴ ከላይኛው በር ወጣ፣ ሁለት ደረጃ ወረደ፣ ተንሸራተተ። ጩኸት አላሰማም። በጎኑ ወደቀ፤ ኮፍያው እየተንከባለለ እስከ እኛ ድረስ መጣ። ቀና ለማለት ሞከረ፣ አልሆነለትም፣ ወደ እኛ አየና፣

«አንሡኝ» አለ።

ሳቅ ሆነ።

«ጋሼ ሞዴል ዛሬ ደግሞ ተጋድመው መጡ!» አለ ዙም። ክንድ የሚያክል ሌንስ ተሸክሞ ስለሚዞር ዙም የምንለው የሒሳብ መምህር ነው። «እንደሱ ይሁኑ! እንዳይንቀሳቀሱ!»

«ኧረ አንሡኝ!»

«እያነሣንዎት እኮ ነው!» አለች ፋርማሲስቷ፣ ተንበርክካ እያነጣጠረች። «ምን ያስቸኩልዎታል?»

ያነሣው የሚኒባሳችን ሹፌር ነው። ከታች ቆሞ የመኪናውን መስተዋት ሲወለውል ነበር። ጨርቁን ወርውሮ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ በመካከላችን አልፎ ወጣ። «ምን ሆናችኋል እናንተ? ሰውዬው ወድቀው እኮ ነው!» አለን። እዚያ ከነበርነው ሁሉ ካሜራ ያልያዘው እሱ ብቻ ነበር።

ከወደቀበት እስከ ተነሣበት አርባ ስድስት ሰከንድ ነው።

የአባቴ ዳሌ ተሰብሮ ነበር። በብረት ታሰረ። ቀዶ ሐኪሙ፣ «አጥንቱ ይገጥማል፤ እግሩ እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ ግን አልዋሽሽም» አለኝ፤ አልዋሸኝም። አባቴ ከማደንዘዣው እንደነቃ መጀመሪያ የተናገረው፣ «ያ ሁሉ ሰው አንሥቶኝ፣ ያነሣኝ ሹፌሩ ብቻ!» የሚል ነበር። ነርሷ ሳቀች። እኔ መጋረጃውን አስተካከልኩ።

በልማዳችን እያንዳንዱ አባል የዕለቱን ፎቶዎች ሳይመርጥ ወደ አንድ የጋራ ማኅደር ይልካል። ካሜራው ከስልክ ጋር ሲገናኝ ሁሉንም አንድ ላይ ይጭናል፤ በዚያ ሳምንት መርጦ ማስቀረት ያሰበ ሰው አልነበረም። የአርባ ስድስቱ ሰከንድ ፎቶዎች ሃያ አንድ ናቸው። እንደ ሥራዬ በጊዜ ቅደም ተከተላቸው ቁጥር ሰጠኋቸው። በአሥራ አራተኛው ላይ የአባቴ እጅ ወደ ፊት ተዘርግቷል፤ ጣቶቹ ተለያይተዋል፤ እርጥቡ ድንጋይ ከሥሩ ያበራል። ከሃያ አንዱ እጅግ ጥሩው እሱ ነው። የመጣው ከእኔ ካሜራ ነው።

ፎቶዎቹ የላኪ ስም አይጻፍባቸውም፤ የማን የማን እንደሆነ የማየው አዘጋጇ እኔ ብቻ ነኝ። በዚያች ደቂቃ እያንዳንዱ የሚያየው በራሱ ሌንስ ውስጥ ስለነበር፣ ጎኑ ማን እንደቆመ ያስተዋለ የለም። እኔን የስም ዝርዝር ይዤ ከሐዲዱ በኩል የነበርኩ አድርገው አሰቡኝ። አላረምኳቸውም።

አባቴ ቤት ገባ። አልጋውን ከመስኮቱ ሥር፣ ከድሮ የስፌት መኪናው ጎን አደረግንለት። በመጀመሪያው ሳምንት ጠያቂ ይመጣል ብሎ በየጠዋቱ ጺሙን አስላጨኝ። «ዙም መጥቶ አንገቴ ላይ ያንን መድፉን ሳይደግን በፊት ልዘጋጅ» ይላል። ዙም አልመጣም። ስደውልለት ስልኩን ማንሣት አቁሟል። ጥርስ ሐኪሙ «እመጣለሁ» አለኝ፤ በሰባት ዓመት ውስጥ «እመጣለሁ» ብሎ የቀረበት ቀን አልነበረም። ቀረ። አርባ ሰው ከአምስት ከተሞች አሰባስቤ በአንድ ሰዓት አንድ ደረጃ ሥር ማቆም የምችል ሴት፣ አንድ ሰው ወደ አባቴ ክፍል ማስገባት አቃተኝ። መልእክት ጻፍኩ፣ ለመንኩ፣ ቀን ቆረጥኩ፣ ቀኑን አራዘምኩ። ሁሉም አዝነው ይመልሱልኛል፤ ሁሉም ይቀራሉ።

ፋርማሲስቷ አንድ ቀን እስከ በራችን መጣች። የብርቱካን ከረጢት በእጄ አስያዘችኝ።

«ግቢ እንጂ፣ ነቅቷል።»

«በምን ዓይኔ ልያቸው? ‹ምን ያስቸኩልዎታል› ያልኳቸው እኮ እኔ ነኝ።» እያለቀሰች ነበር። «አንቺንስ ቢሆን በምን ፊቴ? አንቺ ምንም ሳታደርጊ…»

ላርማት አፌን ከፈትኩ። «ብርቱካኑ ብዙ ነው» አልኳት።

ከረጢቱን ይዤ ስገባ አባቴ ትራሱ ላይ ቀና ብሏል።

«ማን ናት?»

«ፋርማሲስቷ።»

«አትገባም?»

«ቸኩላ ነው።»

«እኔን ‹ምን ያስቸኩልዎታል› ብላ እሷ ትቸኩላለች!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። አንድ ብርቱካን ተቀብሎኝ ሳይልጠው፣ ብርድ ልብሱ ላይ እንዳስቀመጠው፣ በሩን ሲያይ ቆየ።

ወራት እንዲህ አለፉ። ዓመቱ ሊሞላ ሲቃረብ አባቴ ሜትሩን ከመሳቢያ አስወጣኝና ተኝቶ ደረቱን ለካ። ኮቱ ሰፍቶታል። «ይጠባል» አለ። ስፌቱን ፈትቶ በእጁ ያጠበው ጀመር፤ በቀን አንድ ስንዝር ያህል፣ ዓይኑ እስኪደክም። «ዘንድሮ የት ነው?» ሲለኝ «ገና አልተወሰነም» አልኩት። «የትም ይሁን፤ ደረጃ ከሌለው ይበቃኛል» አለ።

በዚያው ሳምንት ከነባሮቹ አባላት አራታችን በጥርስ ሐኪሙ የተራ መጠበቂያ ክፍል ተገናኘን። ዙምም መጥቶ ነበር፤ ያለ ሌንሱ እጁን የት እንደሚያደርግ የጠፋው ይመስል ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ሚኒባስ ተነጋገርን። ጉዳዩን የሚያነሣ ጠፋ። በመጨረሻ ዙም ወደ ወለሉ እያየ፣

«ፎቶዎቹ ከማኅደሩ ይነሡ» አለ። «ሳያቸው እንቅልፍ የለኝም። መሰባሰቡም ይቅርብን።»

«ለዘንድሮ ነው?» አለች ፋርማሲስቷ።

«ለሁልጊዜ።»

ጥርስ ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። «የተበደልሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። «እኛ አፋችንን መክፈት አንችልም። አንቺ ያልሽው ይሆናል።»

ሦስቱም ጠበቁኝ። ሰባት ዓመት ቃሌን ያመኑ ሰዎች ናቸው፤ የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። በልቤ አቀናብሬዋለሁ፤ ግሱም ባለቤቱም በቦታቸው ነበሩ። የአንድ ሳምንት ጊዜ ስጡኝ ብዬ ቦርሳዬን አነሣሁ።

ወደ ቤት ስመለስ አባቴ፣ «ፎቶዎቹን አምጪልኝ» አለ። ዓመት ሙሉ «ገና አልደረሱም» ስለው ኖሬአለሁ። ዘንድሮ መሰባሰቢያ ላይኖር እንደሚችል ልነግረው ስላልደፈርኩ፣ ይህንን እንኳ ላድርግለት ብዬ በማግሥቱ አሳትሜ አመጣሁለት። ሃያ። መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ አያቸው፤ ያየውን እያገላበጠ ከጎኑ ይደረድራል።

«እዚህ ላይ ኮቱን እይው፤ አወዳደቁ እንዴት ያምራል!» አለ። «ልብስስ መውደቅ ያውቅበታል። እኔ ነኝ የማላውቅበት።»

አሥራ ሦስተኛውንና ቀጥሎ ያለውን ገልብጦ ጀርባቸውን አስተያየ።

«አሥራ ሦስት። አሥራ አምስት። አሥራ አራት የታለ?»

ቁጥሮቹን የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ቁጥር ስጽፍ ኖሬ፣ የደበቅሁትን በገዛ እጄ መዝግቤ ሰጥቼዋለሁ።

«ጥሩ አልወጣም፣ አባዬ። ደብዝዟል።»

«ይደብዝዛ።»

አባቴ መነጽሩን አውልቆ በኮቱ ገበር መወልወል ጀመረ።

«ከወደቅሁበት ፊታችሁ አይታየኝም ነበር» አለ። «ፀሐይዋ ከኋላችሁ ናት። የሚታየኝ ጫማ ነው፤ እንደ ሱቅ ተደርድሮ። የአንደኛዋ የጫማ ማሰሪያ ተፈትቶ ነበር። ይህቺ ልጅ አሁን ትረግጠውና ትወድቃለች፣ ለሁለት ሰው ደግሞ አንድ ሹፌር አይበቃም ብዬ ሰጋሁ።»

እግሬን ከአልጋው ሥር ሰበሰብኩ።

«አንቺ።»

«አቤት፣ አባዬ።»

«እነዚያ ሰዎች የሚቀሩት እኔን አፍረው ነው ወይስ አንቺን?»

«አላውቅም» አልኩት። አውቅ ነበር።

መርፌውን ፈልጎ አገኘ፤ ክሩን ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞክሮ አቃተውና ዘረጋልኝ። አስገብቼ ሰጠሁት። «አንድ እጅጌ ብቻ ቀርቶኛል» አለ።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ለስድሳ ሦስቱም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ስምንተኛው መሰባሰቢያ በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በእኛ ቤት፣ በአባቴ ክፍል ይሆናል። ሃያ አንዱም ፎቶዎች በቁጥራቸው ይሰቀላሉ። አራተኛው ደንብ ተነሥቷል። አሥራ አራተኛውን ፎቶ ያነሣሁት እኔ ነኝ።»