የመንጠቆው ክብደት

በቄራው ሰዉ ሁሉ «አባ ሚዛን» ነው የሚላቸው። የታረደ በሬ በመንጠቆ ተሰቅሎ በሐዲዱ ሲንሸራተት ከሚዛኑ ሥር አስቁመው ኪሎውን የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጽፈዋል። ቁጥራቸው ከሌሎች ቄራዎች ቁጥር ጋር ተደምሮ በአገሪቱ የሥጋ ምርት ዓመታዊ ሪፖርት ላይ ይወጣል። ቤታቸው የመጣ እንግዳ ሪፖርቱን ሳያገላብጥ ሻይ አይቀርብለትም። ሌላ ምንም አያኮራቸውም፤ ይሄ ግን ያኮራቸዋል።

አንድ ረፋድ ከስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት አንዲት ወጣት ባለሙያ መጣች። ነጭ ጋውንና ቦት ጫማ አልብሰው አስገቧት።

«ጋሼ፣ በአገር ደረጃ የሚታረደው ከብት ቁጥር እየጨመረ ነው፤ ከአንድ ከብት የሚገኘው ሥጋም እንደዚያው። የእናንተ ከብት ብቻ ከካቻምና ወዲህ በአማካይ ሦስት ኪሎ ከሳ። ምን ነካው?»

የአባ ሚዛን ደም ፈላ። «ከሳ? ልጄ፣ እዚህ የሚመጣው በሬ እኮ በሩ አልበቃው እያለ ነው የሚገባው።»

«እንግዲያው ምክንያቱን ካላወቅን የእናንተን ቁጥር ከዘንድሮው ሪፖርት ልናወጣው ነው» አለች ቀስ ብላ፣ መዝገቦቹን ለማየት ወደ ቢሮ ስትሄድ።

አባ ሚዛን ብቻቸውን ቀሩ። ሚዛኑን ፈተሹ፤ ደህና ነው። ከዚያ በሬው የወረደበትን ባዶ መንጠቆ ሰቀሉ። ሁለት ኪሎ ተኩል። ከዕቃ ቤት ደግሞ ካቻምና ከተቀየሩት ከባድ የብረት መንጠቆዎች አንዱን ጎትተው አምጥተው ሰቀሉ። አምስት ኪሎ ተኩል።

ልዩነቱ ልክ ሦስት ኪሎ። መንጠቆውን ቀንሰው ጽፈው አያውቁም! ሥራውን ያስረከቧቸው ሽማግሌም «ቀንስ» አላሏቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

ሆድ ይፍጀው ሊሉ አሰቡ። ድርቅ ነው፣ መኖ ተወዷል ብለው በከብቱ ቢያሳብቡ ማን ይከራከራቸዋል? በሬው አይናገር። ግን ያንን በሬ ዓመት ሙሉ ሲቀልብ የከረመው ሰው ትዝ አላቸው፤ አፈሩ።

«ልጄ፣ ነይማ» አሉ ባለሙያዋን። «የከሳው ከብቱ አይደለም፤ መንጠቆው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ብረቱን ሥጋ ነው ብዬ ስጽፍላችሁ ኖሬያለሁ።»

ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ሁለቱንም መንጠቆዎች ራሷ መዘነች፤ ደብተሯንም ዘጋች። «ባይነግሩኝ ኖሮ ማንም አይደርስበትም ነበር» አለች።

አዲሱ ሪፖርት ከወራት በኋላ ወጣ። ከሥጋው ጋር ሲጻፍ የኖረው የመንጠቆ ክብደት ተቀንሶ የየዓመቱ ምርት ትንሽ ዝቅ ብሏል፤ የዚያ ቄራ ከብት ግን ጭራሽ አልከሳም ኖሯል። መነጽራቸው ተሰብሮ ስለነበር ሪፖርቱን ያነበቡላቸው ባለቤታቸው ናቸው። ከሰንጠረዡ ግርጌ በደቃቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «የዚህ ቄራ የቀደሙት ዓመታት አኃዞች በመዛኙ ጥቆማ ታርመዋል።»

«አየህ አንተ ሰው» አሉ ባለቤታቸው፤ «ያን ሁሉ ዓመት ስትጽፍላቸው አንድ ቀን አላነሱህም። ዛሬ ተሳስቻለሁ ብትል ጻፉህ።»

አባ ሚዛን ደስ አላቸው።

«እስቲ የግርጌውን ድገሚው» አሉ።