ሳይነዳ አይወጣም

ሰፈሩ እውነተኛ ስሙን ከረሳው ቆይቷል። "ጋሽ ዙሬ" ነው የሚሉት፤ ሚስቱም ካልተናደደች በቀር በዚሁ ነው የምትጠራው። ስሙ የወጣለት በሥራው ነው። ብስክሌት ጠጋኝ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ፣ ጠግኖ የጨረሰውን ብስክሌት ራሱ ወጥቶበት፣ በዳቦ ቤቱ በኩል ወርዶ፣ የትምህርት ቤቱን አጥር ዞሮ፣ በፀጉር ቤቱ በኩል ሳይመለስ ለባለቤቱ አስረክቦ አያውቅም። ደንበኛ ቸኩያለሁ ቢል፣ ቢቆጣ፣ ዝናብ ቢወርድ፣ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። "ቆይ፣ አንድ ዙር ልንዳውና" ይላል። ሕጉ ይህች ብቻ ናት፤ ሳይነዳ አይወጣም።

ጉድ የፈላው የቀኝ ዳሌው ሲያልቅ ነው። መገጣጠሚያው ከዓመት ዓመት እየተበላ መጥቶ፣ በመጨረሻ ሐኪሞች አውጥተው በሰው ሠራሽ ቀየሩለት። እሱ ለጠያቂው ሁሉ "ኩሽኔታ አስቀየርኩ" ነበር የሚለው። እነሆ አራት ወር አለፈ። ክራንቹን ጥሏል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ክርክር ሲነሳም እንደ ድሮው ሽንጡን ገትሮ ነው። ብስክሌት ላይ ግን አልወጣም።

"ሐኪም አልፈቀደም" ይላል፣ ፊቱን ቅጭም አድርጎ።

መጠገኑን ግን አላቆመም። የጠገነውን አያስረክብም፤ ምክንያቱም አልተነዳም። ስለዚህ ዘጠኝ ብስክሌት ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሱቁ ደግሞ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፣ በመስኮቱ በኩል ያለው ግማሽ የእሷ ነው። አሁን አንዱ ጎማ የጨርቅ መደርደሪያዋን ዘግቷል፣ የአንዱ መሪ ደግሞ ለሙሽራ የተሰፋ ቀሚስ ሊቀድ ምንም አልቀረው።

"ጎረቤታችን ይንዳልህ" አለችው ባለፈው ሳምንት። ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካይ ነው። ደስ ብሎት አንዱን ይዞ ወጣና ዞሮ መጣ።

"እህስ?" አለ ጋሽ ዙሬ።

"አሪፍ ነው።"

"አሪፍ ማለት ምን ማለት ነው? የትኛው ፍሬን ይቀድማል? ቁልቁለቱ ላይ መሪው ወዴት ይስባል?"

ፀጉር አስተካካዩ ትንሽ አሰበ። "ብቻ አልወደቅኩም" አለ።

ብስክሌቱ ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

እውነቱን እንናገር ካልን፣ ሐኪም ከፈቀደ አምስት ሳምንት ሆኖታል። በሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ክፍል፣ እሱ "መሄጃ የሌለው" እያለ በሚያሾፍበት ቁም ብስክሌት ላይ ላብ እስኪያጠምቀው ድረስ ከረገጠ በኋላ፣ የምታለማምደው ወጣት ባለሙያ ትከሻውን ቸብ አድርጋ፣ "አባባ፣ ከእንግዲህ ውጭ መንዳት ይችላሉ" አለችው። "ሜዳ ሜዳውን ይጀምሩ። መሃሉ ዝቅ ያለ ብስክሌት ይሁን። እግርዎን በኋላ በኩል አያወናጭፉ፤ ብስክሌቱን አዘንብለው ይሻገሩት።" እሱም "እሺ ልጄ፣ ተባረኪ" ብሎ ወጣና፣ ቤት ሲደርስ ሚስቱን "ገና ነው አሉኝ" አላት። ከጥርስ ሐኪም ቀጠሮ በቀር ዋሽቷት የማያውቅ ሰው ነው። አንዴ ከወጣች በኋላ ግን ውሸቷን የሚመልስበት ጠፋው።

ዛሬ ጠዋት የሰፈሩ ትምህርት ቤት የሂሳብ አስተማሪ መጣች። ብስክሌቷ ተጠግኖ ካለቀ ሁለት ወር ሆኖታል።

"ጋሽ ዙሬ፣ እርስዎን አከብራለሁ" አለች። "ግን በእግር መመላለስ ገደለኝ። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስወጣ እንዳለች እወስዳታለሁ።"

"ሳትነዳ?"

"እየነዳሁ ነዋ የምሄደው!"

ከአርባ ዓመት በኋላ ያልተነዳ ብስክሌት ከዚህ በር ሊወጣ ነው።

ይህ አልበቃ ብሎ፣ ከምሳ በኋላ በሩ ተከፈተና ያች የፊዚዮቴራፒ ልጅ ነጭ ጋዋኗን በክንዷ ይዛ ከተፍ አለች። እጅጌው ረዝሞባት ነው። ለካ ሚስቱ በአንዱ ቀጠሮ አብራው ሄዳ ሳለ "ነይ፣ አሳጥርልሻለሁ" ብላት ኖሯል። ጋሽ ዙሬ የያዘውን ጎማ ከፍ አድርጎ ፊቱን ሊጋርድ ሞከረ። ጎማ መሃሉ ክፍት መሆኑን የረሳው አርባ ዓመት የሠራበት ሰው ነው።

"አባባ! ብስክሌቱን ለመዱት?" አለች ልጅቷ።

"ኧረ እናንተ ሳትፈቅዱለት የት አባቱ!" አለች ሚስቱ፣ ስፒል በከንፈሯ እንደያዘች።

"እንዴ! ፈቅጄላቸዋለሁ እኮ። አምስት ሳምንት ሆነ።"

ስፌት መኪናው ቆመ። ጋሽ ዙሬ ምን ይዋጠኝ አለ። ሚስቱ ስፒሎቹን ከአፏ አንድ በአንድ አወጣች። ልጅቷ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየችና፣ ምን እንዳበላሸች ሳይገባት አልቀረም፣ ጋዋኑን ትታ "ሌላ ቀን እመጣለሁ" ብላ ሹልክ አለች።

ብትጮህበት ይሻለው ነበር። እሷ ግን በርጩማዋን ጎትታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"አምስት ሳምንት" አለች። "እኔ ጠዋት ጠዋት ካልሲህን እያጠለቅኩልህ፣ 'አይዞህ፣ ይፈቅዱልሃል' እያልኩህ።"

"ልነግርሽ ነበር።"

"መቼ? ግድግዳው ሲሞላ?" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ፈርተህ ነው?"

ጋሽ ዙሬ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ንጹሕ ነበር፣ ቢሆንም ጠረገው።

"ፈርቻለሁ" አለ። "ይኸውልሽ፣ እኔ አንድ ፍሬን እንኳ ስቀይር ነድቼ አየዋለሁ። ይህን ብረት የከተተብኝ ሐኪም ግን ሰፍቶ ሰጠኝ። ማን ነዳው? ማን ሞከረው? በቁም ብስክሌት ላይ ዝም ብሏል። መንገድ ላይ ጉድጓድ ሲያገኘው ምን እንደሚል ማን ያውቃል? እኔ ሳይነዳ የወጣ ነገር አላምንም።"

የሚስቱ ከንፈር ለሳቅ ተከፍቶ ነበር። ዓይኑን ስታይ ግን መለሰችው።

"አይ አንተ ሰውዬ!" አለች። "ሐኪሙ እንዴት አድርጎ ይንዳው? አንተው ውስጥ ነው ያለው። ከአንተ በቀር የሚሞክረው የለም።"

"ብወድቅስ?"

"አነሳሃለሁ። እስከዛሬስ ማን ሲያነሳህ ነው የኖርከው?"

ሌላ ነገር ቢናገር እንደሚያለቅስ ስላወቀ ተነስቶ የአስተማሪዋን ብስክሌት ከግድግዳው አላቀቀ። መሃሉ ዝቅ ያለ፣ እሱ ዘመኑን ሙሉ "የሴት ብስክሌት" እያለ ሲያላግጥበት የኖረው ዓይነት ነው። ዛሬ ከዘጠኙ ሁሉ ለዳሌው የሚመቸው ይኸው ብቻ ሆነ።

ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ወንበር ላይ ትቶ፣ ምላጩን እንደያዘ በሩ ላይ ብቅ አለ። "ጋሽ ዙሬ! ቀለሟም ተስማምቶዎታል!"

"አንተ ሰውየውን ሳትቆርጠው ግባ!"

ብስክሌቷን አዘንብሎ የቀኝ እግሩን በመሃል አሻገረ። ተቀመጠ። ሚስቱ ከኋላ ኮርቻውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። ረገጠ፣ ብስክሌቷ ግን ፈቀቅ አልል አለች።

"ልቀቂኝ እንጂ ሴትዮ! ፍሬን ሆንሽብኝ እኮ!"

"ትወድቃለህ!"

"አነሳሃለሁ አላልሽም?"

ለቀቀችው።

እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ እስትንፋሱን ይዞ ነው የሄደው። መንገዱን ሳይሆን የራሱን ዳሌ እያዳመጠ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ እያንዳንዷ ጠጠር ታስደነግጠው ነበር። ዳቦ ቤቱን አልፎ ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር ሲታጠፍ ሰማው። ቀጭ።

መሪውን ጨምድዶ ያዘ። ረገጠ። ቀጭ። "በቃ፣ አለቀልኝ" አለ በልቡ። ሚስቱ ታየችው፣ እንደገና ካልሲውን ስታጠልቅለት። ሊወርድ እግሩን ከፔዳሉ ሊያነሳ ሲል ግን፣ አርባ ዓመት የተለማመደው ጆሮው ከፍርሃቱ ቀድሞ አንድ ነገር ያዘ። የተቀየረው ቀኙ ነው። ድምፁ የሚመጣው ግን ግራ እግሩ ሲወርድ ነው። ደግሞ ረገጠ። ቀኝ፣ ዝም። ግራ፣ ቀጭ። ቀኝ፣ ዝም። ግራ፣ ቀጭ።

"አንቺ!" አለ ብስክሌቷን። "አንቺ ነሽ እንዴ!"

ተናደደ። በገዛ እጁ ነበር ያጠበቃት። ፔዳሏ ናት ወይስ መሃል ያለው አክስል? ቁልቁለቱ ላይ ለቀቃት፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሆን ብሎ ከተታት፣ በፀጉር ቤቱ ማዕዘን ጠምዝዟት ወጣ። ሱቁ በር ላይ ሚስቱና አስተማሪዋ ቆመው ሲጠብቁት አየ። አስተማሪዋ እጇን ዘረጋች። እሱ ግን በአጠገባቸው ሽው ብሎ አለፈ።

"ወዴት ነው?" ጮኸች ሚስቱ።

"ቆይ፣ አንድ ነገር አለ!"

ሁለተኛውን ዙር ጨርሶ ሲመጣ ሁለቱ ሴቶች መንገዱ መሃል ደርሰው ነበር። ፍሬን ይዞ ቆመ፣ አዘንብሎ ወረደ። ግንባሩ በላብ ርሷል።

"ይቅርታ መምህርት፣ ዛሬ አልሰጥሽም" አለ። "የግራ ፔዳሏ ታንኳኳለች። በዚህ ሁኔታ ብትወጣ ኖሮ በሳምንቱ መንገድ ላይ ትጥልሽ ነበር። ነገ ጠዋት፣ ከመግቢያ ደወል በፊት።"

አስተማሪዋ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ የሰውየውን ፊት አየችና ተወችው።

ሚስቱ ግን የፔዳሉ ነገር ጉዳይዋም አልነበረም። ክንዱን አጥብቃ ያዘችው።

"ዳሌህስ?"

ጋሽ ዙሬ ልክ ቁልፍ የት እንዳስቀመጠ እንደተጠየቀ ሰው ቆሞ አሰበ። ወደ ዳቦ ቤቱ አየ፣ ወደ ዳሌው አየ፣ ወደ እሷ አየ።

"እኔ እንጃ" አለ። "ረስቼዋለሁ።"