ያልተበጠሰው ጠፍር

ሮስኮን ፈረስ ገደለው ይላሉ። ይበሉ። እዚህ ኔቫዳ፣ በእኛ ሸለቆ፣ ፈረስ ሰው ሲገድል አዲስ ነገር አይደለም፤ ቀብረን፣ ሥጋ በድንች በልተን፣ በማግስቱ ወደ ከብቶቻችን እንመለሳለን። እኔ ኦሪን ግን አርባ ዓመት ኮርቻ የሰፋሁ ሰው ነኝ፤ ማን እንደገደለው አውቃለሁ።

ነገሩ የገንባሌ ነው። እግራችንን ከእሾህና ከሽቦ እንዲያድነን ከሱሪያችን ላይ የምንታጠቀው የቆዳ ገንባሌ ቀበቶው ሁለት ግማሽ ነው፤ ከኋላ በዘለበት ይቆለፋል፤ ከፊት ግን፣ እምብርት ሥር፣ ሁለቱን የሚያያይዛቸው አንድ ቀጭን የቆዳ ክር ብቻ ነው። ክሩ ሆን ተብሎ ደካማ ይደረጋል። ፈረስ ሲዘልና ሲፈራገጥ ሰውየው ወደፊት ተወርውሮ ቀበቶው ኮርቻው ፊት ላይ በቆመው ቀንድ ከተያዘ፣ ክሩ ብጥስ ይላል፣ ሰውየው ይወድቃል፣ አቧራውን አራግፎ ይሳደባል። በቃ። ይህን ገና ወስፌ መያዝ ሳልችል ከአባቴ ሰምቼዋለሁ።

ሮስኮ ፈረስ ገሪ ነበር፤ ጎበዝ፣ ምላሰኛ፣ ሳቁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ። በዚያ የጸደይ ወራት እኔ የሰፋሁለት ገንባሌ ክሩ ሦስት ጊዜ ተበጠሰበት። ለሦስተኛ ጊዜ የተበጠሰ ዕለት የመኖ መደብሩ ደጃፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ገንባሌውን ከፍ አድርጎ አሳየ።

«ሰዎች፣ እዩልኝማ! ይሄ ሽማግሌ ራቁቴን ሊያስቀረኝ ነው! ኦሪን፣ እጅህ ደክሟል፤ ቁጭ ብለህ ሹራብ ብትሠራ አይሻልህም?»

«የክሩ ሥራ መበጠስ ነው፣ አንተ ደደብ!»

«እሱማ የሰነፍ ሰፊ ሰበብ ነው።»

ተሳቀ። እኔ ደግሞ ሲሳቅብኝ አልወድም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አልወድም። ገንባሌውን ከእጁ መንትፌ ሱቄ ገባሁ፤ እሱም ብቻውን እየሳቀ ተከተለኝ። ለፈረስ ሆድ ማሰሪያ ካስቀመጥኩት ወፍራም ጠፍር ቆረጥኩ፤ እጥፍ አድርጌ፣ ገምጄ፣ በእልህ ቋጠርኩት።

«እንካ! ይሄን ከበጠስክ ስሜ ኦሪን አይደለም» ብዬ ወረወርኩለት።

ሮስኮ ጠፍሩን በጣቱ ዳሰሰው፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ትንሽ ቆይቶ ፈገግ አለ። «እንዲህ ነው ሥራ! እጅህ ይባረክ» አለኝ። አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ።

ጥጃ በጋለ ብረት ምልክት የሚተኮስበት ሳምንት ገባ። ማክሰኞ ዕለት አጥሩ ላይ ተቀምጬ ሳይ፣ ሮስኮ የተቀመጠበት ግራጫ ፈረስ አበደ። ሁለቴ ዘለለ፤ ሮስኮ ወደፊት ተወረወረ፤ ቀበቶው ቀንዱ ላይ ተያዘ። መውረድም መቀመጥም አልቻለም። «ተበጠስ! ተበጠስ እንጂ!» እያልኩ ጮህኩ። እንዴት ይበጠስ? የሠራሁት እኔ ነኝ። ፈረሱ በዘለለ ቁጥር ቀንዱ ደረቱን ደቆሰው። በገመድ ይዘን ፈረሱን ስናቆም፣ ታናሽ ወንድሙ ዋይላን ቀበቶውን ከኋላ በቢላ ቆርጦ አወረደው። ሮስኮ ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ጠፍሩን በዚያ ግርግር ልብ ያለው ሰው የለም።

ከቀብሩ በኋላ በአምስተኛው ቀን ሚስቱ ቬልማ ሱቄ መጣች። ገንባሌውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። ደሙን አጥባ በዘይት አሽታዋለች።

«ጋሼ ኦሪን፣ ቀበቶው ተቆርጧል፤ ይጠግኑልኝ። ዋይላን ሰኞ የወንድሙን ሥራ ይጀምራል። ይሄንኑ ካልለበስኩ ብሏል።»

ጠፍሩ እንዳለ ነው፤ ቋጠሮዬም እንዳለ። ቀስ ብዬ ላውጣው፣ ቀጭን ክር ላስገባበት፣ ዝም ልበል? ማን ያውቅብኛል? ዋይላን ይተርፋል፤ እኔም እንደተከበርኩ እሞታለሁ። ቢላዬን አንስቼ ጠፍሩ ሥር አስገባሁት፤ ግን ሳልቆርጥ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ምን ሆኑ?»

«ቬልማ፣ የገደለው ፈረሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ይሄ መበጠስ ነበረበት። ለምን ተሳቀብኝ ብዬ፣ እያወቅሁ፣ የማይበጠስ አሰርኩለት።»

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። ወስፌውን አንስታ ብትወጋኝም አልሸሽም ነበር። እሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ያውቅ ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«ዕድሜውን ፈረስ ሲገራ የኖረ ሰው ይሄ ይጠፋዋል? ያኔውኑ ቤት ሲገባ አሳየኝ። ‹ይሄ ነገር ይገድለኛል› አለኝ። ‹ታዲያ አትፈታውም?› አልኩት። ‹ሽማግሌውን በሰው ፊት አዋርጄዋለሁ፤ አሁን ፈትቼው ቢያይ ደግሞ ቅስሙ ይሰበራል። ተኩሰን እስክንጨርስ ልልበስለት፤ ከዚያ እቀይረዋለሁ› አለ።»

እንደ ሞኝ፣ «ተኩሳችሁ ለመጨረስ ስንት ቀን ቀርቶ ነበር?» አልኳት።

«ሁለት።»

አለቀስኩ። አላባበለችኝም፤ ምን ዕዳዋ ነው? እንባዬን እስክጠርግ ጠብቃ፣ «በሉ፣ እያየሁ ቁረጡት» አለችኝ። ወፍራም ስለነበር ደጋግሜ መገዝገዝ ነበረብኝ። ቀጭኑን ክር አስገባሁ፤ ቀበቶውንም ሰፋሁ። ጎትታ ሞከረችው።

«ለዋይላን የሚነግሩት ግን እርስዎ ነዎት። ዛሬውኑ» ብላ ገንባሌውን አስታቀፈችኝና ወጣች።

ኮፍያዬን አድርጌ ተከተልኳት።