ሦስት እርምጃ

ሰፈር ውስጥ ስሜ ኮምፕሬሰር ነው። ጎሚስታ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፤ ወሬ መንፋት ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም። አንድ ወፍራም ሾፌር የአየር ቧንቧዬን ጫፍ አፉ ውስጥ ከቶ ሲስቅ ተነፍቶ ጣሪያ ላይ ወጣ ብዬ አውርቻለሁ፤ በመሰላል አወረድነው ብዬም ጨምሬያለሁ። መሰላሉን ማን እንዳዋሰን ሁሉ ተናግሬያለሁ። ይሄኛውን ግን እንዳለ ነው የምጽፈው።

የእህቴ ልጅ ሚጣ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ጫማዋን አድርጋ ለትምህርት ቤት ልትነሳ ስትል ቀኝ እግሯ እምቢ አለ። በሳምንቱ ግራውም ደከመ። ጭንቅላቷን በማሽን አነሱት፣ ጀርባዋን አነሱት፣ ደሟን ቀዱ፤ ሁሉም ደህና ነው ተባለ። እህቴ የልብስ ፋብሪካ ሥራዋን ትታ የስፌት መኪናዋን ቤት አስገባችና ልጅቷን አምስት ወር ሙሉ አዝላ ሦስት ፎቅ ስትወጣ ስትወርድ ከረመች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ግድግዳውን ተደግፋ እንደ አሮጌ አውቶቡስ ትተነፍስ ነበር።

በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ተገኘች፤ እህቴ ገንዘብ ልትከፍል ወረፋ ይዛ ስለነበር ሚጣን ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ። ሚጣን አስተኝታ እጇን ከቀኝ ተረከዟ ሥር አስገባችና «ወደ ታች ተጫኚኝ» አለቻት። ምንም። «እሺ፣ አሁን ግራውን አንሺ።» ሚጣ ግራውን ለማንሳት ስትታገል ቀኙ በራሱ ጊዜ የሐኪሟን እጅ ከፍራሹ ጋር አጣበቀው።

«አየሽ? ጉልበቱ አለ» አለቻት። «የተበጠሰ ነገር የለም፤ መልእክቱ ነው መንገድ የሚስተው። እያስመሰልሽ አይደለም። ሐሳብሽ ሌላ ቦታ ሲሆን መንገዱ ይከፈታል፤ ቀስ እያልን እናስለምደዋለን።»

ሚጣ ትራሱን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። ከአምስት ወር በኋላ አንድ ሰው አመናት።

ነገሩ ለእኔ ቶሎ ገባኝ። አንዳንድ ጎማ ጠዋት ተኝቶ ታገኘዋለህ፤ ውሃ ውስጥ ብትነክረው አንድ አረፋ አይወጣውም። ቀዳዳ የለውም፣ አየርም የለውም። ጎማውን ውሸታም ብሎ የሰደበ ጎሚስታ ግን አላየሁም።

እህቴ መጥታ ልጅቷን አዝላ ስትወጣ ሐኪሟ እኔን በር ላይ አስቀረችኝ። «ማክሰኞ እንጀምራለን። እስከዚያ እንዳትፈትኗት፣ ድንገት እንዳታስደነግጧት። ለእናትየውም ይንገሩልኝ» አለችኝ። እሺ አልኩ። ግን እኔ ስድስተኛ ክፍልን በመስኮት የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ «ሐሳብሽ ሌላ ቦታ ሲሆን» ከምትለው በኋላ የመጣውን ሁሉ ጆሮዬ አላስገባውም። የሰው ሐሳብ ሌላ ቦታ መውሰድማ የእኔ ሙያ አይደለም እንዴ? ለእህቴም አልነገርኳት።

ቅዳሜ ዕለት አንድ የብስክሌት ከመነዳሪና በእግር የሚረገጥ ፓምፕ ይዤ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ የስፌት መኪናዋ ይንጣጣል፤ ሚጣ አልጋዋ ላይ ታነባለች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ሳቄን አፍኜ ፓምፑን ረገጥኩ፤ ከመነዳሪው እንደ ዘንዶ አበጠ፣ ደግሜ ረገጥኩ፣ ፈነዳ።

«እማ» የሚል ጩኸት ሰማሁ። በሩን ስገፋው ሚጣ መሐል ቤት ቆማለች፤ ሁለት እጇ እናቷ ትከሻ ላይ ነው። እናቷ በጥይት የተመታች መስሏት ነው። ከአልጋው እስከ ስፌት መኪናው ሦስት እርምጃ ነው። ከዚያ ቁልቁል እግሯን አየች፤ እንዳየችውም እንደ እርጥብ ጨርቅ ታጠፈች።

እኔ አጨበጨብኩ። እህቴ እልል የምትል ነበር የመሰለኝ። እሷ ግን ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ተነሺ» አለች።

«እማ፣ አልቻልኩም።»

«አይቼሻለሁ። ተነሺ።» ድምፅዋ ቀስ ያለ ነበር። «አምስት ወር አዝዬሻለሁ እኮ።»

ማክሰኞ አልወሰደቻትም። «እትዬ፣ ሐኪሟ እኮ ያለችው ይሄንኑ ነው። ስትረሳው ይሠራል፣ ስታስበው ይጠፋል። እንዳትፈትኗት ብላኝ ነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት።

«እንዳትፈትኗት ያለችው መቼ ነው?»

«በር ላይ፣ ለእኔ ብቻ።»

«ለአንተ ብቻ። ሾፌሩን ከጣሪያ ስታወርዱም አንተ ብቻ ነበርክ።»

«ይሄ እውነት ነው፣ እትዬ።»

«ለዚያም ምለሃል፣ ወንድሜ።»

ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሟ ተዛውራለች። ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ መዝገቡን ገልጦ «ቀርታለች፤ ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል። ከስድስት ወር በኋላ ከእናቷ ጋር ትምጣ» አለኝ። ለእህቴ ብነግራት ቀና ብላም አላየችኝ።

ቤቱ አዲስ ሕግ ወጣለት፤ ማንም አያዝላትም፣ ማንም አያነሳትም፣ የቆመ እግር ይሄዳል። ሚጣ በክርኗ መሳብ ጀመረች። በሦስተኛው ሳምንት ግራ እጇ ጭብጥ ብሎ አልከፈት አለ። «ደግሞ አዲስ አመጣሽ?» አለቻት እናቷ። እህቴ ክፉ ሴት አይደለችም። የተታለለች መስሏት ነው፤ የተታለለ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አልሞኝም ይላል።

በቀደም ቀትር ላይ ስሄድ እህቴ የሰፋችውን ሱሪ ለማድረስ ወጥታለች። ሚጣን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት፤ ወደ ሽንት ቤት እየተሳበች ነው። ላነሳት ጎንበስ ስል «ተው፣ ታውቅብኛለች» አለች። አጠገቧ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ። ክርኗ ተልጧል።

«አጎቴ፣ አንተ ውሸት ታውቃለህ አይደል?»

«ከእኔ በላይ ማን ያውቃል።»

«እንግዲያው እየኝ። እየዋሸሁ ነው?»

«አይደለም።»

ጭብጥ ያለ ግራ እጇን አየች። «እኔ እንጃ። ያን ቀን ቆሜያለሁ፣ እማም አይታኛለች። ምናልባት የሆነ ቦታ እየዋሸሁ ይሆናል፣ ለራሴም ሳይታወቀኝ።»

«እናቴ ትሙት፣ ሚጣዬ፣ እየዋሸሽ አይደለም።»

ፈገግ አለች፤ ደግ ሰውን ላለማስቀየም ፈገግ እንደሚባለው። «አንተማ ደስ እንዲለኝ ነው።»

ከዚያ ፊቷን አዞረችና መሳቧን ቀጠለች። ሽንት ቤቱ ጋ ለመድረስ ገና ሁለት በር ይቀራታል። ተነስቼ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ከኋላዋ ቀስ እያልኩ ሄድኩ።